ከዘጠኝ ኪሎ ሜትር ላይ ሮኬቱን እንዴት አዩት?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ሰሞኑን ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አንድ ዶክመንተሪ እያየሁ ነበር። እንግሊዞች ከ9 ኪሎ ሜትር ከፍታ በተነሣ ጥቁርና ነጭ ፎቶ የሂትለርን ሮኬት አገኙት ይላል። የኔ ስልክ ከአራተኛ ፎቅ የመኪና ታርጋ አያነብም። ኮምፒዩተር በሌለበት ዘመን ይሄ እንዴት ይሆናል? ወይስ ከድል በኋላ የተቀባባ ታሪክ ነው?»

ወንድሜ፣ ታሪኩ እውነት ነው። ዶክመንተሪው ግን በጣም አሳጥሮታል። «አነሡ፣ አዩ፣ አገኙ» የሚባል ነገር አልነበረም። እንዲያውም ጀርመኖች ከሠሯቸው ሁለት መሣሪያዎች አንደኛው ፎቶ ላይ ገብቶ፣ ፊልሙ ታጥቦ፣ ታትሞ፣ ፋይል ተደርጎ ወደ አምስት ወር ገደማ ማንም ልብ ሳይለው ተቀምጧል። ካሜራው የራሱን ሥራ ጨርሶ ነበር። የጎደለው «እስቲ እንዲህ ያለ ነገር ፈልጉ» የሚል ሰው ነው። የዚህ ሙያ ጉድ ሁሉ እዚያች ላይ ስለሆነ ቀስ ብዬ ልንገርህ።

እኔ ጦር ሜዳ የዋልኩ ሰው አይደለሁም። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ካርታ ሥራ ላይ፣ የአየር ፎቶ ሳነብ ነው። የወታደሩም የካርታውም ፎቶ አነባበቡ ግን አንድ ነው። ቀኖቹንና ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ።

መጀመሪያ የስልክህን ነገር እንጨርስ። የስልክ ሌንስ ርዝመቱ በሚሊ ሜትር የሚቆጠር ነው። ምስሉ የሚያርፍበት ቺፕ ደግሞ ከጥፍርህ ብዙም አይበልጥም። እንግሊዞቹ ኤፍ 52 የሚሉት ካሜራ 36 ኢንች ሌንስ ይገጠምለት ነበር። 91 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው፤ ከክንድ ይረዝማል። አንዱ ፎቶ የሚያርፍበት ፊልም የደብተር ገጽ ያህላል። ያንን ከስልክህ ጋር ማወዳደር ባሕር ዛፍን ከክብሪት እንጨት ጋር ማወዳደር ነው።

አሁን አንዲት ቀላል ሒሳብ እንሥራ። የአውሮፕላኑን ከፍታ በሌንሱ ርዝመት ስታካፍል ፎቶው መሬትን ስንት ጊዜ እንዳሳነሰው ይነግርሃል። 9,144 ሜትር ለ0.914 ስታካፍል 10,000 ይመጣል። ስለዚህ ፎቶው ላይ 1 ሚሊ ሜትር ማለት መሬት ላይ 10 ሜትር ነው። ቪ-2 የተባለው ሮኬት 14 ሜትር ይረዝማል። ፎቶው ላይ ስንት ሊሆን ነው? 1.4 ሚሊ ሜትር። አንዲት የጤፍ ፍሬ በለው። ቪ-1 የተባለችው ሰው አልባ በራሪ ቦምብ ደግሞ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 5 ሜትር ከምናምን ናት። ግማሽ ጤፍ!

እንግዲህ ጥያቄህ ወደዚህ ይዞራል። አንድ ሰው በሺዎች በሚቆጠሩ ፎቶዎች መካከል ግማሽ ጤፍ እንዴት ይለቅማል?

ከላይ ሆኖ ጠላትን ማየት ራሱ ያረጀ ሐሳብ ነው። ፈረንሳዮች በ1794 ፍለሩስ ላይ በገመድ የታሰረ ፊኛ ውስጥ መኮንን ሰቅለው የኦስትሪያን ጦር ሲያዩ ውለዋል። ጣልያኖችም በ1887 እና በ1888 ወደ ኤርትራ ባዘመቱት ጦር ውስጥ ፊኛ ነበራቸው። በአውሮፕላን የመጀመሪያው የጦርነት ቅኝት የተደረገው ኦክቶበር 23 ቀን 1911 ሊቢያ ላይ ነው፤ ካርሎ ፒያሳ የሚባል ጣልያናዊ ሻምበል የቱርክን ጦር ከሰማይ ቃኘ። በ1914 ደግሞ የጀርመን ጦር ፓሪስን ትቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲታጠፍ አብራሪዎች አይተውት ማርን በሚባል ወንዝ ላይ ለተደረገው ውጊያ መንገድ ከፈተ። እነዚህ ሁሉ ግን በዓይን ያዩ ናቸው። ዓይን ደግሞ ይረሳል፣ ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ዛሬ ያየኸውን ከወር በኋላ መልሰህ ማየት አትችልም። ፎቶ ይህን ቀየረው።

የሁለተኛው ጦርነት ሰዎች ለፎቶ ሲሉ ያደረጉት ነገር በዘመኑ እብደት ይመስል ነበር። ሞሪስ ሎንግቦተም የሚባል ወጣት መኮንን በ1939 አንድ ማስታወሻ ጻፈ። ፍሬ ነገሩ ይሄ ነው፦ ቃኚ አውሮፕላን ትንሽ፣ ፈጣን፣ ከፍ ብሎ የሚበርና መሣሪያ የሌለው ይሁን። አይዋጋ፤ አይቶ ይሽሽ። ሲድኒ ኮተን የተባለ አውስትራሊያዊ ነጋዴ አብራሪ ሐሳቡን ተቀበለው። ኮተን ከጦርነቱ በፊት ነጋዴ መስሎ፣ በግል አውሮፕላኑ ሆድ ካሜራ ሸሽጎ ጀርመን ላይ ሲበር የከረመ ጮሌ ሰው ነው። እንግዲህ ምን አደረጉ? የአገሪቱን ምርጥ ተዋጊ ስፒትፋየርን ወስደው መትረየሱን ነቀሉለት። በቦታው ካሜራና ነዳጅ ጨመሩ። ሰማይ እንዲመስል ፈዘዝ ያለ ቀለም ቀቡት። ኖቬምበር 18 ቀን 1939 ሎንግቦተም ራሱ ከፈረንሳይ ተነሥቶ የመጀመሪያውን በረራ አደረገ።

አብራሪው ብቻውን ነው። መሣሪያ የለውም። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከኋላው ነጭ የእንፋሎት ጭራ ከተጎተተ ጠላት ከታች ሆኖ «ያው!» ይለዋል፤ ስለዚህ ጭራ የማያወጣበትን ከፍታ እየፈለገ ይበራል። ደግሞ የሚገርመው ፎቶ የሚያነሣውን ቦታ አያየውም። ካሜራው ከሆዱ ሥር ቀጥ ብሎ ወደ ታች ነው የሚያየው። አብራሪው ክንፉን አዘንብሎ ቦታውን ይለካል፤ ከዚያ ቀና ብሎ ዝንፍ ሳይል ቀጥ ብሎ መብረር አለበት። ከታች እየተተኮሰብህ ቀጥ ብለህ ብረር ማለት ቀላል ነገር አይደለም።

ይህንን ያህል ተለፍቶ የመጣው ፊልም ወደ ሦስት ዓይነት ዓይን ይሄዳል። የመጀመሪያው እዚያው አየር ማረፊያው ላይ ነው፤ አውሮፕላኑ ካረፈ በሁለት ሰዓት ውስጥ «መርከቧ ወደብ ላይ አለች ወይስ የለችም?» የሚለውን ይመልሳል። ሁለተኛው በአንድ ቀን ውስጥ ያለፈውን ሁሉ ያጠቃልላል። ሦስተኛው ጊዜ አይሰጠውም፤ ሳምንትም ወርም ይፈጃል። እሱ አንድ ነገር ብቻ ይከታተላል፤ አንዱ የባቡር፣ አንዱ የመርከብ፣ አንዱ የፋብሪካ፣ አንዱ የአውሮፕላን ሰው ነው። እነዚህ ሰዎች ከለንደን ወጣ ብሎ ሜድመናም በሚባል ቦታ፣ ዴንስፊልድ በተባለ ትልቅ ቤት ውስጥ ነበሩ። አርኪዮሎጂስቶች ነበሩባቸው፤ ዶሮቲ ጋሮድና ግሊን ዳንኤልን የመሰሉ ስመ ጥር ሰዎች። የቸርችል ልጅ ሣራ ቸርችልም እዚያው አጉሊ መነጽር ይዛ ስትሠራ ነበር። አርኪዮሎጂስት ለምን? የፈረሰ ግንብ መሬት ላይ የተወውን መስመር ማንበብ የለመደ ሰው፣ የተሸሸገ መድፍ የተወውንም መስመር ያነባል።

አነባበቡ ምን ይመስላል? ይህቺን ክፍል እኔም ስለምወዳት ትንሽ ልቆይባት።

ከላይ ስታይ ዓለም ጠፍጣፋ ነው። የመብራት ምሰሶ ነጥብ ነው። ጎተራም፣ ጉድጓድም፣ የውኃ ታንከርም ሁሉም ክብ ናቸው። የሚለያቸው ጥላ ነው። የምሰሶው ጥላ መሬት ላይ ተኝቶ ቁመቱን ቁልጭ አድርጎ ያሳይሃል። ፎቶው የተነሣበትን ሰዓት ካወቅህ የፀሐይዋን ከፍታ ታውቃለህ፤ ፀሐይ 45 ዲግሪ ላይ ከሆነች የጥላው ርዝመትና የነገሩ ቁመት እኩል ነው። አንድ ወጥመድ ግን አለ። ፎቶውን ጥላው ወደ አንተ እንዲወድቅ አድርገህ ካልያዝከው አእምሮህ ይገለብጥብሃል፤ ሸለቆው ኮረብታ፣ ኮረብታው ጉድጓድ ይሆናል። እኔ ጀማሪ ሳለሁ አንድ ወንዝ የተራራ ጫፍ ላይ ሲፈስ አይቼ ጠዋቱን ሙሉ ስደነቅ ውያለሁ። አለቃዬ መጥቶ ፎቶውን አዞረልኝና ምንም ሳይል ሄደ።

ሁለተኛው ዱካ ነው። በገጠራችን ፎቶ ላይ የጎጆ ቤትና የጭድ ክምር ያሳስታሉ። ሁለቱም ክብ፣ ሁለቱም ሾጣጣ ናቸው፤ ጥላቸውም ይመሳሰላል። እንዴት ትለያቸዋለህ? የጎጆው ደጃፍ የተረገጠ ነው። ነጣ ያለች ቀጭን መንገድ ከበሩ ወጥታ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ጎረቤት ትሄዳለች። ወደ ክምር የዕለት ተዕለት መንገድ የለም። መድፍም እንደዚያው ነው። ከላይ መረብና ቅጠል ታለብሰዋለህ። ጥይት የሚያመጣው መኪና ግን ሣሩን ረግጦ መስመር ይተዋል። መስመሩ ሄዶ ሄዶ ቁጥቋጦ ውስጥ ይገባና ይጠፋል። መንገድ ደግሞ ዝም ብሎ አይጠፋም።

ሦስተኛው ስቴሪዮስኮፕ ነው። አውሮፕላኑ ሲያነሣ አንዱ ፎቶ ከቀጣዩ ጋር 60 በመቶ ያህል ይደራረባል። አንድ ቤት ሁለት ፎቶ ላይ፣ ከሁለት ቦታ ታይቶ ይገኛል ማለት ነው። በሁለቱ ፎቶዎች መካከል አውሮፕላኑ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዟል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠህ፣ ሁለት ሌንስ ባላት አራት እግር መነጽር በየዓይንህ አንዱን ስታይ፣ በዓይኖቹ መካከል ግማሽ ኪሎ ሜትር ያለው ግዙፍ ሰው ትሆናለህ። ለትንሽ ጊዜ ሁለቱ ምስሎች ይንቀዋለላሉ። ዓይንህ እንባ ያቀራል፣ ግንባርህን ያምሃል። ከዚያ በድንገት ጠቅ ይልና መሬቱ ይነሣል። ዛፉ ወደ ፊትህ ይወጣል፤ ገደሉ ይሰምጣል። መረብ የለበሰ መድፍ «ቁጥቋጦ ነኝ» ሲልህ፣ ቁጥቋጦ እንዲህ ጣራው የተስተካከለ አይሆንም ትለዋለህ። ያንን ቀን የሚረሳ የሙያ ባልደረባ የለኝም።

አራተኛው ማወዳደር ነው። ስለ አንድ ፎቶ ብዙ መናገር አይቻልም። የትናንትናውና የዛሬው ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን ያወራሉ። «ይህ አፈር ትናንት አልነበረም።» «ይህ ሐዲድ ወዴት ነው የሚሄደው?»

እሺ፣ አሁን ወደ ሮኬቱ።

ሜይ 15 ቀን 1942 ዶናልድ ስቲቨንተን የሚባል አብራሪ ወደ ጀርመን የባልቲክ ባሕር ወደቦች ሲበር ፔነሙንደ የሚባል ቦታ ላይ አየር ማረፊያ አየና በዚያው ካሜራውን ከፍቶ አለፈ። ፎቶው ላይ በደን መካከል ትልልቅ ክብ የአፈር ግድቦች ታዩ። ኮንስታንስ ባቢንግተን ስሚዝ የሜድመናም የአውሮፕላን ክፍል ኃላፊ ነበረች፤ ከጦርነቱ በፊት ስለ አውሮፕላን መጽሔት ላይ ስትጽፍ የኖረች ሴት ናት። ክቦቹን አየቻቸው፣ ገረሟት፣ አለፈቻቸው። ፎቶው ፋይል ገባ። የኛን አገር ደብር ከሰማይ ያየ ሰው ክብ ነገር ሲያይ ወዲያው ቤተ ክርስቲያኑንና በዙሪያው ያለውን ደን ያስባል፤ ስለሚያውቀው ነው። የሮኬት መሞከሪያ ግን በዓለም ላይ ማንም አላየም። ያላየኸውን በምን ታውቀዋለህ?

ዓይንን የመራው ጆሮ ነው። ማርች 1943 ለንደን አጠገብ ሁለት የተማረኩ የጀርመን ጄኔራሎች፣ ፎን ቶማና ክሩቬል፣ ማይክሮፎን በተሸሸገበት ክፍል ውስጥ ሲጨዋወቱ ፎን ቶማ ስለ ሮኬት አነሣ። ቀድሞ ያየውን የሙከራ ቦታ እያስታወሰ፣ እስካሁን ለንደን ላይ ፍንዳታ አለመሰማቱ ገርሞት ነበር። ከዚያ በኋላ ቸርችል አማቹን ደንከን ሳንድስን ጉዳዩን መርምር አለው። ፔነሙንደ ላይ በረራው በረከተ። ፎቶ አንባቢዎቹ አሁን ጥያቄ ተሰጣቸው።

ጁን 12 በተነሣ ፎቶ ላይ አር. ቪ. ጆንስ የተባለው የአየር ኃይሉ የመረጃ ሳይንቲስት አንድ ነጣ ያለ ነገር አየ። በባቡር ጋሪ ላይ ተኝቷል፤ አፍንጫው ደነዝ፣ ጭራው ክንፋም ነው። ጁን 23 ደግሞ ጥርት ያለ ፎቶ መጣ። ከክቦቹ አጠገብ እነዚያው ነገሮች ተጋድመዋል። ጤፎቹ ተለቀሙ!

ሁሉም አመነ ማለት ግን አይደለም። የቸርችል የሳይንስ አማካሪ ሎርድ ቸርዌል ሞገተ። ይህን የሚያህል ሮኬት ሊሠራ አይችልም፤ ጀርመኖች እኛን ለማታለል ያስቀመጡት የውሸት ዕቃ ነው አለ። እኔ ሰውየውን አልፈርድበትም። ፎቶው የሚያሳየው ቅርጽ ነው፤ ውስጡ እንጨት ይሁን ብረት ጤፍ አትናገርም። የሆነው ሆኖ ኦገስት 17 ለ18 አጥቢያ 596 ቦምብ ጣዮች ፔነሙንደን ደበደቡት። 40ዎቹ አልተመለሱም። የሮኬቱን ሞተር የሠራው ቫልተር ቲል ሞተ። ከሞቱት ሰዎች አብዛኞቹ ግን በግዳጅ እዚያ የሚሠሩ የባዕድ አገር ሰዎች ነበሩ፤ ቦምቡ ሰፈራቸው ላይ ወረደ።

አሁን ወደ ግማሽ ጤፏ እንምጣ። ከላይ አምስት ወር ተኝታ ከረመች ያልኩህ እሷን ነው።

በዚያው በ1943 መጨረሻ ላይ ሰሜን ፈረንሳይ ውስጥ እንግዳ የሆኑ ግንባታዎች ታዩ። እያንዳንዳቸው ጋ ረጃጅምና ጫፋቸው የታጠፈ ሕንጻዎች አሉ። በጎኑ የተጋደመ የበረዶ መንሸራተቻ እንጨት ስለሚመስሉ «ስኪ» አሏቸው። በኋላ ተቆጥረው 96 ሆኑ። ለምን እንደተሠሩ ግን አልታወቀም። ያኔ የሜድመናም የቴክኒክ ኃላፊ ዳግላስ ኬንዳል ባቢንግተን ስሚዝን አንድ ነገር አዘዛት፦ ፔነሙንደ ላይ በጣም ትንሽ፣ ከተዋጊ አውሮፕላን የምታንስ ነገር ፈልጊ።

ተመልሳ የድሮውን ፋይል አወጣች። ያው የጁን 23ቱ ፎቶ። ከአውሮፕላን ማቆያዎቹ አንዱ ጥግ ላይ፣ ሞተር መሞከሪያ ከሚመስል ሕንጻ ጀርባ፣ አንዲት ነጭ መስቀል ነገር ነበረች። አንድ ሚሊ ሜትር አትሞላም። ይህቺው ናት ያቺ ነገር። ቀድሞ ያንን ፎቶ ስንት ዓይን አይቶታል፤ ሮኬት የሚፈልግ ዓይን ስለነበረ ግን ሮኬት አየ። ክንፏ ሲለካ 20 ጫማ ያህል ሆነና «ፔነሙንደ 20» ተባለች።

በቃ ተገኘች አትበል። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የቆመች ትንሽ አውሮፕላን ምንም አታረጋግጥም። እንዴት ነው የምትነሣው? ባቢንግተን ስሚዝ ከማረፊያው አልፋ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ሄደች፤ በአጉሊ መነጽሯ ማለቴ ነው። እዚያ ወደ ባሕር የሚያዩ፣ ወደ ላይ የተሰቀሉ መወጣጫ የሚመስሉ ነገሮች አገኘች። ቀድሞ ያዩአቸው ሌሎች አንባቢዎች ጭቃ ከውኃ የሚያወጣ ማሽን ነው ብለው ጽፈውባቸው ነበር። የሚያስቅ አይደለም። ባሕር ዳር ነው፣ አፈር እየተሞላ ነው፣ እኔም ብሆን ያንኑ እል ነበር።

ኖቬምበር 28 ጆን ሜሪፊልድ የሚባል አብራሪ በሞስኪቶ አውሮፕላን በርሊንን ሊያነሣ ሄደ። በርሊን በደመና ተሸፍናለች። ባዶ እጁን ከሚመለስ ብሎ ወደ ባልቲክ ታጠፈና ፔነሙንደን አነሣ። ፎቶው ሜድመናም ደረሰ። ባቢንግተን ስሚዝ መወጣጫውን በአጉሊ መነጽር አየችው። መወጣጫው ላይ፣ አፍንጫዋን ወደ ባሕር አድርጋ፣ ያቺ ትንሽ መስቀል ተቀምጣለች። ልትነሣ ነው።

መወጣጫው ደግሞ ፈረንሳይ ውስጥ ስኪዎቹ አጠገብ ካለው ጋር አንድ ዓይነት ነው። ፈረንሳይ ያሉት ሁሉ የእነዚህ ቦምቦች ማስወንጨፊያ መሆናቸው በአንዲት ሌሊት ተገለጠ ማለት ይቻላል። ቦምብ ጣዮቹ ወዲያው ወረዱባቸው። ጀርመኖችም ሞኞች አይደሉም፤ ስኪውን ትተው መሠረት ብቻ የሚታይበት፣ ቀሪው መጨረሻ ላይ መጥቶ የሚገጠም ቀለል ያለ ጣቢያ መሥራት ጀመሩ። ያ ለፎቶ አንባቢ መርግ ነው። የመጀመሪያዎቹ ቪ-1ዎች ጁን 13 ቀን 1944 እንግሊዝ ላይ ወደቁ። ፎቶው አላስቀራቸውም፤ አዘገያቸው።

ጥያቄ ዓይንን ይመራል ካልኩህ ጠላትም ያንን ያውቃል። የማወዳደር ልማድ ራሱ ወጥመድ ይሆናል። በ1942 ግብጽ ውስጥ ኤል አላሜይን ላይ እንግሊዞች የሠሩት ጉድ ይህ ነው። ጥቃቱ የሚጀመረው ኦክቶበር 23 ነው፤ ከሰሜን በኩል። ጀርመኖች «እንግሊዞች ከደቡብ፣ ያውም በኖቬምበር ይመጣሉ» ብለው እንዲያስቡ ተፈለገ። ምን አደረጉ? ወደ ደቡብ የሚሄድ የውኃ ቧንቧ የዘረጉ መሰሉ። ቦይ ይቆፍራሉ፣ ከባዶ የነዳጅ ጣሳ የተሠራ «ቧንቧ» ከጎኑ ያጋድማሉ፤ ሌሊት ቦዩን ደፍነው ያንኑ ጣሳ ወደሚቀጥለው ቦይ ይወስዱታል። የጀርመን ፎቶ አንባቢ በየቀኑ ያወዳድራል። ቧንቧው በየቀኑ ያድጋል። «በዚህ አካሄዱ ኖቬምበር ላይ ይደርሳል» ብሎ ያሰላል። ሒሳቡ ልክ ነው! ውኃ የለውም እንጂ። ታንኮቹ ደግሞ ሰሜን ላይ የጭነት መኪና የሚያስመስል የሸራ ልብስ ለብሰው ቆመዋል።

አንድ ነገር ልጨምርና ይብቃኝ። ይህን ሥራ ሳስተምር ሁልጊዜ የምደርስበትና ክፍሉ ጸጥ የሚልበት ፎቶ አለ። ኤፕሪል 4 ቀን 1944 ከደቡብ አፍሪካ አየር ኃይል 60ኛ ስኳድሮን የተነሣ ሞስኪቶ ከጣልያን በሮ ፖላንድ ውስጥ አንድ ፋብሪካ አነሣ። ሰው ሠራሽ ጎማና ነዳጅ የሚሠራበት ፋብሪካ ነው። አብራሪው ካሜራውን ትንሽ ቀደም ብሎ ከፍቶ ትንሽ ዘግይቶ ዘጋው። በዚህ ምክንያት ከፋብሪካው አጠገብ ያለው ቦታም ፊልሙ ላይ ገባ። ቦታው ኦሽዊትዝ ነው፤ ናዚዎች ሰዎችን በጅምላ የሚገድሉበት ካምፕ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት በዚያው ሰማይ ላይ በተደጋጋሚ ተበሯል። ኦገስት 25 ቀን 1944 በተነሣው ፎቶ ላይ ከባቡር የወረዱ ሰዎች ወደ ጋዝ ክፍሉ ሲሄዱ ይታያሉ። አንባቢዎቹ የፋብሪካውን ጭስ ማውጫ፣ ማሞቂያ፣ ታንከር አንድ በአንድ ቆጥረው ጻፉ። የታዘዙት እሱን ነው። የተቀረው ፋይል ገባ። በ1979 ሁለት የሲአይኤ ፎቶ አንባቢዎች ፊልሙን ከመዝገብ ቤት አውጥተው፣ አሁን ጥያቄውን ይዘው ሲያዩት ሁሉም እዚያው ነበር።

የኛም ተራሮች በዚያው ዘመን በካሜራ ሥር አልፈዋል። ጣልያኖች በወረራው ጊዜ፣ ከ1935 ጀምሮ፣ አገራችንን ለጦርና ለካርታ ብለው ከአየር አንሥተዋታል። ብዙው ጠፍቷል ሲባል ኖሮ ከ8,000 በላይ ሰሌዳዎች አዲስ አበባ ውስጥ በካርታ ሥራ መዝገብ ቤት ተገኙ። እያንዳንዱ ሰሌዳ ላይ አራት ፎቶ ተለጥፏል፤ አንዱ ቀጥ ብሎ ወደ ታች፣ ሦስቱ ወደ ጎን እያዩ የተነሡ ናቸው። አብራሪው የፈለገው መንገድ፣ የጦር ሰፈር፣ የወንዝ መሻገሪያ ነበር። ዛሬ የሚያወጡት ሰዎች የጂኦግራፊ ባለሙያዎች ናቸው። የሚጠይቁት ስለ ዛፍ ነው፦ ያኔ ይህ ቁልቁለት ደን ነበረው? አንዳንዱ ተራራ «አያቶቻችን ጊዜ ጫካ ነበር» የምንለው፣ በ1930ዎቹ ፎቶ ላይም ራቁቱን ነው። እዚያ ላይ ክርክር ብትከፍት እኔ የለሁበትም።

እንግዲህ ስልክህን አትናቀው፤ አንድ ነገር ሞክርበት። ከአራተኛ ፎቅህ ሆነህ ታች ያለውን መንገድ አንድ ፎቶ አንሣ። አንድ ሰፊ እርምጃ ወደ ቀኝ ሂድና ያንኑ ቦታ ደግመህ አንሣ። ሁለቱንም አንዳንዳቸው ስድስት ሴንቲ ሜትር ስፋት አድርገህ አሳትምና ጎን ለጎን አስቀምጣቸው፤ የግራው ግራ ይሁን። በመካከላቸው አንድ ካርቶን አቁምና አፍንጫህን ካርቶኑ ላይ አድርገህ፣ ሩቅ እንደምታይ ዓይንህን ፍታው። መጀመሪያ ይደበዝዛል፣ ከዚያ ይንቀዋለላል። ተወው፣ ታገሥ። ድንገት ጠቅ ሲል መኪኖቹ ከአስፋልቱ ይነሣሉ፤ የዛፉ ጫፍ ወደ አፍንጫህ ይመጣል። ታርጋውን ግን አሁንም አታነበውም።